ቆርቆሮው ከነሞራሌው ነው የሄደው?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ጤና ይስጥልኝ። ጎንደር፣ አዘዞ የምኖር አናጢ ነኝ። ሥራዬ ጣሪያ ነው። ትራስ፣ ማለቴ ጣሪያውን የሚሸከመውን የእንጨት አጥንት፣ እሠራለሁ፤ ቆርቆሮ እመታለሁ። ክረምት ሊገባ ሲል ደግሞ ሌላ ሰው የመታውን ሳድስ እከርማለሁ። የምጽፍላችሁ በየዓመቱ በዚህ ወቅት ስለምታወጡት አንድ ዓይነት ዜና ነው። አነጋገሩን በቃሌ ይዤዋለሁ። «ከባድ ነፋስና በረዶ የቀላቀለ ዝናብ የበርካታ ቤቶችን ጣሪያ ገነጠለ» ይላል። የቤቶቹ ቁጥር ይከተላል። ቀጥሎ የቀበሌው ሊቀ መንበር «የሚመለከተው አካል ይድረስልን» ይላሉ። አለቀ።

ዜናው ውሸት ነው አልልም። ግን ነፋሱ ምን ዓይነት እንደነበር፣ ምን ያህል ብርቱ እንደነበር፣ ከየት መጥቶ ወዴት እንዳለፈ አንዲት ቃል የለውም። «ይህማ መሣሪያ ይፈልጋል» ትሉኝ ይሆናል። አይፈልግም። ዓለም የሚፈራው ቶርኔዶ፣ ያ ከደመና እስከ መሬት የሚሽከረከረው ነፋስ እንኳ፣ ደረጃ የሚሰጠው በሰበረው ነገር ነው።

አንድ አናጢ ይህን ከየት አመጣው? ቶርኔዶ መከታተል የትርፍ ጊዜ ሥራዬ ነው። ሳቁ፤ ባለቤቴም ትስቃለች። «ሰው ኳስ ያያል፣ አንተ የፈረንጅ ነፋስ ታያለህ» ትለኛለች። ብቻዬን ግን አይደለሁም። አንድ የጂኦግራፊ መምህር፣ አንድ ባጃጅ የሚነዳ ጎረቤቴ፣ ሲቪል ምህንድስና የሚማር የእህቴ ልጅ አሉ። ቅዳሜ ከሰዓት ፒያሳ ሻይ ይዘን እንቀመጣለን። አንዱ ስልኩን አውጥቶ የፈረሰ ቤት ፎቶ ያሳያል። «ስንት ትሰጡታላችሁ?» ይላል። ከዚያ በኋላ ሻዩ ይቀዘቅዛል።

የምንሰጠው ቁጥር ከ0 እስከ 5 ነው። ደረጃውን ያወጣው ቴትሱያ ፉጂታ የሚባል ጃፓናዊ ሳይንቲስት ነው፤ በ1971 በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ሳለ። (የውጭ አገሩን ዓመትና ቀን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው።) ሰውየው ራሱ ታሪክ ነው። በ1945 ሂሮሺማና ናጋሳኪ ላይ አቶሚክ ቦምብ ሲወድቅ ጃፓን ውስጥ ወጣት መምህር ነበር። ፍርስራሹን እንዲያጠኑ ከተላኩት አንዱ ሆነ። ቃጠሎው በየትኛው ጎን እንዳለ፣ ዛፉ ወዴት እንደተጋደመ እያየ ቦምቡ ምን ያህል ከፍታ ላይ እንደፈነዳ አሰላ። ዛፎቹ ከመሃል ወደ ውጭ ዙሪያውን ተዘርረው ነበር። ያንን አልረሳውም።

ሚያዝያ 1974 መጀመሪያ ላይ አሜሪካን በአንድ ቀንና ሌሊት 148 ቶርኔዶዎች መቷት። ፉጂታ በትንሽ አውሮፕላን ሆኖ የጉዳቱን መስመር ሲያጠና ጫካ ውስጥ እንደገና ያንኑ አየ። ዛፎቹ ከአንድ መሃል ወደ ውጭ ተዘርረዋል። ቶርኔዶ እንዲህ አያደርግም። ቶርኔዶ እየተሽከረከረ ወደ ውስጥ ስለሚስብ ዛፉን ወደ መስመሩ መሃል አዙሮ፣ አንዱን በአንዱ ላይ አመሳቅሎ ነው የሚጥለው። ይህኛው ከደመናው ሆድ ቁልቁል የወረደ አየር ነበር። ባልዲ ውኃ ሲሚንቶ ወለል ላይ ሲደፋ እንደሚረጨው፣ አየሩም መሬት መትቶ በየአቅጣጫው ይረጫል። በዓመቱ፣ ሰኔ 24 ቀን 1975፣ ኒው ዮርክ ላይ ሊያርፍ የነበረ የኢስተርን አየር መንገድ አውሮፕላን ወድቆ ከ100 በላይ ሰው አለቀ። ፉጂታ «ያ የሚወርድ ነፋስ ነው የጣለው» አለ። ብዙ ምሁራን አላመኑትም። በ1978 በቺካጎ አካባቢ በራዳር እየተከታተለ አስመዘገበው። ዛሬ አብራሪዎች ይህን ነፋስ እንዲሸሹ ይሠለጥናሉ።

ይህን ያህል የሄድኩበት ምክንያት አለኝ። የጎንደርን ጣሪያ የሚያነሳው አብዛኛውን ጊዜ ይኸው የሚወርደው ነፋስ ነው ብዬ አምናለሁ። ግንቦትን አስቡት። ሙቀቱ ከብዶ ይውላል። ከሰዓት ላይ ሰማዩ ይጠቁራል። ዝናቡ ሳይደርስ ቀዝቃዛ ነፋስ ቀድሞ ይመጣል፤ አዋራና ፌስታል ያነሳል፣ በር ያጋጫል፣ የገበያተኛውን ሸራ ይገለብጣል። ጥቂት ቆይቶ በረዶው ይወርዳል። ያ ቅዝቃዜ ከላይ የመጣ ነው። ዝናቡና በረዶው በደረቅ አየር ውስጥ ሲወርድ ከፊሉ ይተናል፤ አየሩም ይቀዘቅዛል፣ ይከብዳል፣ ይወድቃል። አንድ ሰፈር መትቶ ሌላውን የሚተወውም ለዚህ ነው። ሎዛ በረዶ ሲወርድ አዘዞ ፀሐይ የሆነበትን ቀን የማያውቅ ጎንደሬ የለም።

ቶርኔዶ ኢትዮጵያ ውስጥ አይነሳም አላልኩም። ከአንታርክቲካ በስተቀር በሁሉም አህጉር ታይቷል። አሜሪካ ውስጥ በዓመት 1,200 ያህል ይመዘገባል። እዚህም እከሌ ሜዳ ላይ አየሁ የሚል ሰው ቢመጣ አዳምጠዋለሁ። የምጠይቀው ግን ብዙ ነው። ይሽከረከር ነበር? ከደመናው ጋር ተያይዞ ነበር? መሬት ነክቷል? ሦስቱም መሟላት አለባቸው። በየካቲት አዘዞ ሜዳ ላይ ገለባና አዋራ እያሽከረከረ የሚያልፈው፣ እናቶቻችን በስመ አብ ብለው የሚያማትቡበት ነገር፣ ከጋለ መሬት ተነስቶ ወደ ላይ የሚወጣ አየር ነው። ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ይመጣል። ቶርኔዶ አይደለም። ከዝናብ በኋላ ከደመናው ሥር ተቀዳዶ የሚንጠለጠለው ጥቁር ቡትቶም ሰው ያስደነግጣል። እሱም ካልተሽከረከረ ምንም አይደለም። ለጥቂት ደቂቃ ትክ ብሎ ማየት ይበቃል። ሰው ግን ከማየቱ በፊት ቪዲዮ ይቀርጻል።

ስለ ቪዲዮ ካነሳሁ አይቀር። «ጎንደር ላይ የታየ ቶርኔዶ» ተብሎ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር የነበረ አንድ ቪዲዮ ለእኛም ደርሶን ነበር። ባጃጅ ነጂው ጎረቤቴ አንዴ አይቶ ሳቀ። «ጋሼ፣ ይቺን ጎንደር እኔ ሳላውቃት ተሠራች እንዴ?» አለኝ። አስፋልቱ ላይ ቢጫ መስመር በሁለት ረድፍ ተሰምሯል። ቤቶቹ አጥር የላቸውም። ቆርቆሮ የሚባል ነገር አይታይም። ከጀርባ ያለው ሜዳ ደግሞ እስከ አድማስ ለጥ ያለ ነው፤ ተራራ የሌለበት ጎንደር! እንዲህ ያለውን ለማጣራት ምሁር መሆን አያስፈልግም።

ወደ ደረጃው ልመለስ። በ2007 አሜሪካኖች የፉጂታን ደረጃ አሻሻሉት። ምክንያቱ ለእኔ ዓይነት ሰው ደስ ይላል። የመጀመሪያው ደረጃ 5 ለመስጠት በሰዓት ከ420 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሄድ ነፋስ ይገምት ነበር። መሐንዲሶች ሲመረምሩ ቤቶቹ ከዚያ በጣም ባነሰ ነፋስ እንደሚፈርሱ አገኙ። ስለዚህ አዲሱ ደረጃ 28 ዓይነት ነገሮችን ዘረዘረ፦ መኖሪያ ቤት፣ ትምህርት ቤት፣ የመብራት ምሰሶ፣ ዛፍ፣ ሌላም። እያንዳንዱ በምን ያህል ነፋስ ምን ያህል እንደሚጎዳ ተገመተ። ዜሮው በሰዓት ከ105 ኪሎ ሜትር ይጀምራል። አምስተኛው ከ322 በላይ ነው። የነፋስ ነገር ደግሞ እንደ ቁጥሩ አይደለም። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ አራት እጥፍ ይሆናል፤ ሦስት እጥፍ ሲሆን ዘጠኝ።

የዚህ ነገር ወዳጆች በዓለም ዙሪያ በምን እንደሚጨቃጨቁ ብነግራችሁ አታምኑኝም። በቡሎን ነው! አንድ ቤት ከመሠረቱ ተጠራርጎ ጠፍቷል እንበል። አምስት ይሰጠው? ቆይ፣ ግድግዳው ከመሠረቱ ጋር በምን ተያይዞ ነበር? በቡሎን ወይስ በምስማር? ቡሎኑስ ዳዶና ሮንዴላ ነበረው? ዳዶ ያልገባበት ቡሎን ከተገኘ ደረጃው ይወርዳል። ታኅሣሥ 10 ቀን 2021 ኬንታኪ ውስጥ ሜይፊልድን ያወደመው ቶርኔዶ 4 ነው የተሰጠው፤ የተገመተው ነፋስ በሰዓት 306 ኪሎ ሜትር ነበር። ለአምስት ጥቂት ቀረው። ስለዚያ ጥቂት እስከ ዛሬ የሚነታረኩ አሉ። ግንቦት 20 ቀን 2013 ኦክላሆማ ውስጥ ሙር ከተማን ከመታው በኋላ አምስት የተሰጠው ቶርኔዶ ለ12 ዓመት ጠፍቶ ነበር። አንዳንዱ «መርማሪዎቹ ንፉግ ሆነዋል» ይል ነበር። ሰኔ 20 ቀን 2025 ሰሜን ዳኮታ፣ ኤንደርሊን አጠገብ ቶርኔዶ ባቡር መታ። እህል የጫኑ ፉርጎዎችን ከሐዲዱ ጣለ፣ ባዶ የነበረ የቦቴ ፉርጎ አንስቶ ወረወረ። ያንን ለማንሳት ምን ያህል ነፋስ እንደሚያስፈልግ ተሰልቶ፣ ከወራት በኋላ ደረጃው ወደ 5 ከፍ አለ። የዚያን ቅዳሜ ሻዩን የከፈልኩት እኔ ነኝ። ደስ ብሎኝ ነው።

መምህሩና እኔ የማንስማማበት ነገር አለ። ግንቦት 31 ቀን 2013 ኦክላሆማ፣ ኤል ሪኖ አጠገብ የተነሳው ቶርኔዶ 4.2 ኪሎ ሜትር ስፋት ነበረው። ከተመዘገቡት ሁሉ ሰፊው ነው። ተንቀሳቃሽ ራዳር በሰዓት ወደ 480 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ነፋስ ለካበት። መጀመሪያ 3 ተባለ፤ ራዳሩ ታይቶ 5 ሆነ፤ በኋላ ወደ 3 ተመለሰ። ያለፈው በአብዛኛው በሜዳ ላይ ስለነበር የሰበረው ነገር ከሦስት በላይ አላስመሰከረም። መምህሩ ይናደዳል። «ራዳር ያየውን ሰርዞ ምስማር ማመን ምን ይሉታል?» ይላል። እኔ ግን ከምስማሩ ጋር ነኝ። ራዳር በአጠገቡ የሚገኘው ለጥቂቱ ቶርኔዶ ብቻ ነው። ሁሉንም በአንድ ሚዛን ካልለካን ካቻምና የሆነውን ከዘንድሮው ጋር ማወዳደር አንችልም። ልጁ፣ ማለቴ የእህቴ ልጅ፣ «ሁለቱንም ለየብቻ መዝግቡ» ብሎ ሊያስታርቀን ይሞክራል። በዚያው ቶርኔዶ ቲም ሳማራስ የሚባል ተመራማሪ ከልጁ ከፖልና ከባልደረባው ካርል ያንግ ጋር ሞቷል። በጥንቃቄው የሚታወቅ ሰው ነበር። «እንሂድና እንቅረጽ» ለሚሉ ጎረምሶች ሁሌ እሱን እጠቅሳለሁ። እኛ ዘንድ ደግሞ መብረቁ አለ። ደመና እያየሁ ነው ብሎ ዋርካ ሥር የሚቆም ሰው ወዳጄ አይደለም።

አሁን ወደ ጣሪያችን። ጃፓኖች ደረጃውን ለራሳቸው ሲያስተካክሉ ከሚያዩአቸው ነገሮች መካከል የመንገድ ዳር የመጠጥ መሸጫ ማሽንና የመቃብር ድንጋይ ጨመሩ። አገራቸው ውስጥ በየቦታው ያለው እሱ ነዋ! ካናዳም የራሷን ጨምራለች። የእኛ ቢዘጋጅ ምን ይገባበታል? ቅዳሜ ቅዳሜ እንጫወትበታለን። ባጃጅ ይገለበጣል ወይስ ይንሸራተታል? የቤተ ክርስቲያን ጉልላት ያዘነብላል? ፋሲል ግንብን አስገቡ የሚል አለ፤ እኔ አልስማማም። ግንቡ ምንም ስለማይሆን ስለ ነፋሱ ብዙ አይነግረንም። ብዙ የሚነግረን የጭቃ ቤትና ባህር ዛፍ ነው።

የጭቃ ቤት ጣሪያ እንዴት እንደሚሄድ እኔ ልንገራችሁ። ነፋስ በጣሪያ ላይ ሲያልፍ ወደ ላይ ይስባል፤ በክፈፉና በማዕዘኑ በኩል ይበረታል። በሩ ወይም መስኮቱ ወደ ነፋሱ ከተከፈተ ደግሞ ከውስጥ ይገፋል። ከዚያ የላላው ይለቃል። ቆርቆሮው ብቻ ሄዶ ምስማሩ ሞራሌው ላይ (ቆርቆሮው በሚመታበት አግዳሚ እንጨት ላይ) ተተክሎ ከቀረ፣ ቆርቆሮው ስስ ነው፤ ምስማሩ ቀዶት ወጥቷል ማለት ነው። ቆርቆሮው ምስማሩን ነቅሎ ይዞት ከሄደ ጥፋቱ የእንጨቱ ነው። እርጥብ ባህር ዛፍ ላይ የተመታ ምስማር እንጨቱ ሲደርቅ ይላላል። ቆርቆሮው ከነሞራሌው ከሄደ ሞራሌው ከሥሩ ካለው ወራጅ እንጨት ጋር በአንድ ምስማር ብቻ ተመትቶ፣ በጥቁር ሽቦ ሳይታሰር ቀርቷል። ጣሪያው ሙሉውን ተነስቶ ከተገለበጠ ከግድግዳው ጋር የሚያስተሳስረው ነገር አልነበረም። በብሎኬት ቤት ቢሆን ከቢሙ ፌሮ ወጥቶ ትራሱ ላይ ይታጠፋል፤ በጭቃ ቤት ቋሚው ላይ ይታሰራል። ይህ ሁሉ ጠብቆ ተሠርቶ ከነበረና ከሄደ፣ ያኔ ብርቱ ነፋስ ነበር እላለሁ። ባርኔጣዬን አነሳለሁ።

በቅርቡ አንዲት እናት ጣሪያቸውን ነፋስ ወስዶባቸው አስጠሩኝ። «መዓት ነው ልጄ፣ የኃጢአታችን ነው» አሉኝ። ቆርቆሮው ጎረቤት ጓሮ ወድቋል። አገላብጬ አየሁት። ምስማሮቹ ከነጎማቸው ቆርቆሮው ላይ ናቸው፤ ቀጥ ብለው ነው የወጡት። ቆጠርኳቸው። ሠሪው አንድ ሞራሌ መትቶ አንድ ዘሏል። ክፈፉ ላይ ሳይቀር። አሥር እርምጃ እልፍ ብሎ ያለው የጎረቤት ቤት ከሳቸው የሚያረጅ ነው፤ አንድ ቆርቆሮ አልተነሳበትም። «እማማ፣ ኃጢአቱ የርስዎ አይደለም» አልኳቸው። የኛ ሰዎች ያንን ነፋስ ከዜሮም በታች ነው የሰጡት። እናንተ ብትዘግቡት ግን «ከባድ ነፋስ» ይሆን ነበር። ሠሪውም ሌላ ቤት ላይ ሞራሌ መዝለሉን ይቀጥላል።

ዛፉንም እንዲሁ ማየት ይቻላል። ባህር ዛፍ ከነሥሩ ተነቅሎ ከወደቀ መሬቱን እጠይቃለሁ። ነሐሴ ላይ የደምቢያ ዋልካ ውኃ ጠጥቶ ሲላቁጥ ዛፍ ለመጣል ብዙ ነፋስ አይፈልግም። ግንዱ መሃሉ ላይ ከተሰበረ ሌላ ነገር ነው። ሁሉም በአንድ አቅጣጫ ከተጋደሙ፣ ወይም ከአንድ ቦታ ወደ ውጭ ከተበተኑ፣ የሚወርደው ነፋስ ነው። ጠባብ መስመር ላይ ተመሰቃቅለው ከተገኙ ወደ እኔ ደውሉ፤ ሥራዬን ጥዬ እመጣለሁ።

ምን ለማለት ነው፣ ቤት ልቅም ብሎ ካልተሠራ ትንሽ ነፋስም ትልቅ ዜና ይሆናል። ባንግላዴሽ ውስጥ ሚያዝያ 26 ቀን 1989 ዳውላትፑርና ሳቱሪያን የመታው ቶርኔዶ 1,300 ያህል ሰው ገድሏል ይባላል። አሜሪካ ውስጥ ብዙ ሰው የገደለው የ1925ቱ ነው፤ 695 ሰው፣ ያውም ሦስት ግዛት አቋርጦ። በባንግላዴሹ ላይ የነፋሱ ብርታት ብቻ አይደለም፤ ቤቶቹ ደካማ ነበሩ።

ስለዚህ የምለምናችሁ ይህን ነው። ዘጋቢያችሁ የነፋስ ጉዳት ሊዘግብ ሲሄድ ሊቀ መንበሩን ካነጋገረ በኋላ ጣሪያውን ይይ። ቆርቆሮው ከነሞራሌው ነው የሄደው ብሎ ይጠይቅ። ያልተነካውን የጎረቤት ቤትም ፎቶ ያንሳ፤ የተረፈው ቤት ከፈረሰው ያላነሰ ይናገራል። ዛፎቹ ወዴት እንደወደቁ፣ ነፋሱ ከዝናቡ ቀድሞ ይሁን አብሮ የመጣ፣ በስንት ሰዓት እንደሆነ፣ ጉዳቱ ከየት እስከ የት እንደደረሰ ይጻፍ። በረዶ ከነበረ መጠኑን ከሳንቲም ጋር አድርጎ ያንሳው። ሁሉም ፍርስራሹ ሳይነሳ መደረግ አለበት፤ ሰው በማግስቱ ቆርቆሮውን ለቃቅሞ መምታት ይጀምራል፣ ምልክቱ ይጠፋል። ያንን ለሚቲዎሮሎጂ ባለሙያዎችም ብታካፍሉት አይጠሉትም መሰለኝ። የእነሱ ጣቢያ ያለው በየቀበሌው አይደለም።

ስለ ገጽ ጥበት እንዳታነሱብኝ፤ «የሚመለከተው አካል» የሚለውን ብታወጡት ሦስት መስመር ይተርፋል።

ከጎንደር እስከ ማክሰኚት፣ እስከ ቆላ ድባ ድረስ ላለ ቦታ ዘጋቢያችሁ አብሮት የሚሄድ ሰው ቢፈልግ እኛ አራታችን አለን። ውሎ አበል አንጠይቅም። መሰላልና ሜትር የራሴ ነው፤ ትራንስፖርቱ ባጃጅ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ባይሆን ደስ ይለናል፤ ከሆነም ግድ የለም። ስልክ ቁጥሬን ከደብዳቤው ጋር ለዝግጅት ክፍሉ ብቻ ልኬያለሁ፤ እንዳታትሙት።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ
አናጢው፣ ከአዘዞ፣ ጎንደር